አውሮፕላን ማረፊያ የተሰየመለት የፒያኖ መምህር

ጎንደር የሚወርድ መንገደኛ የሚያርፈው በዐፄ ቴዎድሮስ ስም በተሰየመ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። መቀሌ የሚሄደውን አሉላ አባ ነጋ ይቀበሉታል፣ ድሬዳዋ የሚሄደውን ደጃዝማች ይልማ። እኛ ዘንድ በአውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ስሙ እንዲጻፍለት የሚመኝ ሰው ወይ ዙፋን ላይ መቀመጥ ወይ ሰይፍ መምዘዝ አለበት ማለት ነው። የሃንጋሪ ዋና ከተማ ቡዳፔስት ስደርስ ግን በሩ ላይ ያገኘሁት የፒያኖ ተጫዋች ስም ነው። ዓለም የሚያውቀው ፍራንዝ ሊስት ብሎ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ግን የቤተሰብን ስም ስለሚያስቀድሙ ሊስት ፌሬንትስ ይሉታል። ስሙን ለአውሮፕላን ማረፊያው የሰጡት በተወለደ በ200 ዓመቱ፣ በ2011 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምጽፍ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።)

ፒያኖ በመጫወት ይህን ያህል ይከበራል እንዴ? ነገሩ ከነከነኝና ሻንጣዬን አሳርፌ ሰውየውን ፍለጋ ወጣሁ።

ወደ ቤቱ የሚወስደው የከርሰ ምድር ባቡር ራሱ ጉድ ነው። ከአስፋልቱ ጥቂት ደረጃ ብቻ ይወርዱና ቢጫ፣ አጫጭር፣ መጫወቻ የሚመስሉ ፉርጎዎች እየተንኳኩ ይመጣሉ። ሥራ የጀመረው በ1896 ግንቦት መግቢያ ላይ ነው አሉኝ። እኔም ወዲያው በልቤ ደመርኩ፤ የእኛ ሰዎች ዓድዋ ላይ ድል ካደረጉ ገና ሁለት ወር መሆኑ ነው! እዚያ ጥይት ጮሆ ሳያበቃ እዚህ ሰው ከመሬት በታች ትኬት ቆርጦ ይሳፈር ነበር። ቮሮሽማርቲ ኡትሳ የሚባለው ጣቢያ ላይ ወረድኩ። ኡትሳ መንገድ ማለት ነው።

ቤቱ ከጣቢያው አፍንጫ ሥር፣ ከሰፊው የአንድራሺ ጎዳና ጥግ ላይ ቆሟል። በ1879 ለሙዚቃ አካዳሚ የተሠራ ሕንፃ ነው። ሊስት የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ስለነበረ እዚያው አንደኛ ፎቅ ላይ መኖሪያ ተሰጠው፤ ከ1881 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1886 ቡዳፔስት በመጣ ቁጥር የሚያርፈው እዚህ ነበር። አሁን ሙዚየም ነው። በዘመኑ ነገሥታት ያጨበጨቡለት ሰው ስለሆነ ቤተ መንግሥት የጠበቀ ሰው አፉን ይይዛል፤ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። በአንደኛው ክፍል አልጋውና የጽሕፈት ጠረጴዛው ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ተንበርክኮ የሚጸልይበት አትሮንስ የሚመስል ዕቃም አለ።

ጠረጴዛው ዘንድ ብዙ ቆየሁ። ቦዘንዶርፈር የሚባለው የቪየና ፒያኖ ሠሪ ነው የሠራለት። ሩቅ ሆነው ሲያዩት የማንኛውም ጸሐፊ ጠረጴዛ ነው። ቀረብ ሲሉ ግን መሳቢያው ውስጥ የፒያኖ ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ነጩም ጥቁሩም፣ የሦስት ኦክታቭ ርዝመት ያለው። ኦክታቭ ማለት አንድ ድምፅ ስምንት እርከን ወጥቶ እንደገና ራሱን የሚያገኝበት ርቀት ነው። ሰውየው ኖታ (የሙዚቃ ጽሑፍ) ሲጽፍ አንድ ነገር ከተጠራጠረ ተነሥቶ ወደ ትልቁ ፒያኖ መሄድ የለበትም፤ መሳቢያውን ሳብ፣ ነካ ነካ፣ መልሶ ገፋ። እኛ ቤት መሳቢያ የሻማ፣ የክብሪት፣ የመብራት ደረሰኝና የጠፋ ቁልፍ ማደሪያ ነው። ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ከቦስተን፣ ከአሜሪካ ድረስ የተላከለት ቺከሪንግ የሚባል ግዙፍ ፒያኖ ቆሟል። ያን ዕቃ በመርከብ አሻግሮ ለአንድ ሽማግሌ መላክ ምን ዓይነት ፍቅር ነው?

ፍቅሩ እንዴት እንደመጣ ለማወቅ ወደ ልጅነቱ መመለስ ያስፈልጋል። የተወለደው በ1811 ዛሬ ኦስትሪያ ውስጥ በሚገኝ፣ ያኔ ግን በሃንጋሪ ግዛት ሥር በነበረ መንደር ነው። አባቱ የአንድ ታላቅ መስፍን የበግ መንጋ ሒሳብ ያዥ ነበር። ልጁ ጣቶቹ ሲያስደንቁ አባት ሥራውን ትቶ ወደ ቪየና ይዞት ሄደ፤ እዚያም ካርል ቸርኒ የሚባል መምህር ተቀበለው። ይህን ቸርኒን ያስተማረው ማን መሰላችሁ? ቤትሆቨን! ቸርኒ ደግሞ የልጁን ተሰጥዖ ካየ በኋላ የማስተማሪያ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ይቺን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ።

ቀጥሎ ፓሪስ። የፓሪስ ኮንሰርቫቷር፣ ማለትም ከፍተኛው የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ልጁን በውጭ አገር ሰውነቱ አልቀበልም አለው። የሚያስቀው፣ ይህን የነገሩት የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ኬሩቢኒ ራሳቸው ጣሊያናዊ ነበሩ። ወረቀት አጥቶ በየቢሮው የተመላለሰ ስደተኛ ሁሉ ይህን ታሪክ ሳይተረጎምለት ይረዳዋል። በ1827 አባቱ ሲሞት ልጁ ገና 15 ዓመቱ ነበር። እናቱን ይዞ ፓሪስ ተቀመጠና ከጠዋት እስከ ማታ ከቤት ቤት እየዞረ የሀብታም ልጆችን ፒያኖ ማስተማር ጀመረ። አስጠኚ ሆነ ማለት ነው፤ ልክ የእኛ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለቤት ኪራይ ብለው ሒሳብ እንደሚያስጠኑት። ከሚያስተምራቸው አንዷ የሚኒስትር ልጅ ነበረች፤ ተዋደዱ። ሚኒስትሩ ነገሩን ሲያውቁ መምህሩን በሩን አሳዩት። ይህም ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም።

ትንሽ ቆይቶ ጄኔቫ አዲስ በተከፈተው የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምሯል። የተማሪዎቹን ደረጃ የመዘገበበት ደብተር ዛሬም ይታወሳል። አንዷን ስትጫወት ፊቷን ታጨማድዳለች ብሎ ጽፎባታል። በሌላዋ ስም አጠገብ ግን ስለ ፒያኖዋ ምንም ሳይል ዓይኖቿ ቆንጆ መሆናቸውን ብቻ መዝግቧል። መምህሩ ራሱ ያኔ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የመድረክ ዘመን ነው። በ1832 ፓጋኒኒ የሚባለውን ጣሊያናዊ የቫዮሊን ተጫዋች ሰማና አበደ፤ ያ ሰው በቫዮሊን ያደረገውን እኔ በፒያኖ ካላደረግሁ ብሎ ልምምዱን ተያያዘው። ከ1839 እስከ 1847 አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር ዞረ፤ ከሊዝበን እስከ ሞስኮ፣ እስከ ኢስታንቡል። ዛሬ ፒያኖ ተጫዋች ብቻውን መድረክ ላይ ወጥቶ ምሽቱን ሁሉ ሲጫወት ብናይ አይገርመንም። ከሊስት በፊት ግን የአንድ ሰው ኮንሰርት ማለት ዘፋኝም፣ ቫዮሊንም፣ ኦርኬስትራም ተቀላቅሎ የሚቀርብበት ድግስ ነበር። አጃቢዎቹን አሰናብቶ ብቻዬን እበቃለሁ ያለው እሱ ነው፤ በ1840 ለንደን ላይ ያቀረበው ኮንሰርት “ሪሳይታል”፣ ማለትም በቃል መድገም፣ ተብሎ ሲታወጅ ብዙዎች በፒያኖ እንዴት ይደገማል ብለው ግራ ተጋቡ። ፒያኖውን ወደ ጎን አዙሮ፣ ክዳኑን ወደ ሕዝቡ ከፍቶ፣ ያለ ኖታ በቃሉ መጫወትን ልማድ ካደረጉት ሰዎች ዋናው እሱ ነው።

በዚያው በ1840 ጥር ወር ወደ ፔሽት፣ ማለትም ዛሬ ቡዳፔስት ከሆኑት ከተሞች ወደ አንዷ፣ ሲመጣ የሃንጋሪ መኳንንት መድረክ ላይ የክብር ሰይፍ አስታጠቁት። አያችሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ያለ ሰይፍ አይሆንም ብዬ አልነበር? ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የዳኑብ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ባጥለቀለቀ ጊዜ ሊስት ከጣሊያን ወደ ቪየና ገስግሶ ለተጎጂዎች የገንዘብ ማሰባሰቢያ ኮንሰርቶች አድርጎ ነበርና ውለታው አልተረሳም። ሰይፉን ሲቀበል ምስጋናውን ያቀረበው በፈረንሳይኛ ነው። ሃንጋሪኛ አይችልም ነበራ! ዋሽንግተንና ስቶክሆልም ያደጉ ልጆቻቸው አማርኛ አልያዝ ብለዋቸው የሚጨነቁ ወላጆች በዚህ ይጽናኑ፤ የሃንጋሪ ትልቁ ሰው አገሩን የወደደው በሌላ ቋንቋ ነው።

በርሊን የባሰ ነው። በ1841 እና 1842 መካከል በነበረው ክረምት በአሥር ሳምንት 21 ኮንሰርት አቀረበ። ሴቶቹ የጣለውን የሲጋር ቁራጭና የረሳውን ጓንት ይሻሙ ነበር፤ ገጣሚው ሃይኔም የሊስት ዕብደት ብሎ ስም አወጣለት። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ማይክሮፎንና ቴሌቪዥን ከመፈጠሩ በፊት ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ ተወው። በ1847 መስከረም ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባለች ከተማ ኮንሰርት አቅርቦ ሲያበቃ፣ ገና በ35 ዓመቱ፣ ለገንዘብ መድረክ ላይ መውጣት በቃኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ሲጫወት ወይ ለበጎ አድራጎት ነው ወይ ለወዳጅ። ጀርመን አገር ቫይማር ላይ ተቀምጦ ደረሰ፣ ኦርኬስትራ መራ፣ አስተማረ። በ1865 ደግሞ ሮም ላይ የክህነት የመጀመሪያዎቹን ማዕረጎች ተቀበለ። ከዲያቆን በታች ያሉ ናቸው፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን አናጉንስጢስና ዐጻዌ ኆኅት እንደሚባሉት። መቀደስም ማናዘዝም አይችልም፤ ጥቁሩን ቀሚስ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ለበሰ። በሙዚየሙ ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው ረጅም ነጭ ጸጉር ያለው ሽማግሌ ይኸው ነው። ቀሚሱንና ፒያኖውን አንድ ላይ ሳይ ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ትዝ አሉኝ። እሳቸውም ካይሮ ከፖላንዳዊ መምህር ቫዮሊን ተምረው፣ በኋላ መንኩሰው፣ ኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ውስጥ ከፒያኖአቸው ጋር ኖረው በ2023 አረፉ።

ከ1869 ገደማ ጀምሮ የሊስት ዓመት በሦስት ተከፈለ፤ ሮም፣ ቫይማርና ቡዳፔስት። በየደረሰበት ተማሪዎች ከሩሲያም ከአሜሪካም መጥተው ይከተሉታል። አስተማሪነቱ አሁን ማስተር ክላስ በሚባለው መንገድ ነበር። ይህም መምህሩ አንዱን ተማሪ ሌሎቹ እያዩና እየሰሙ የሚያርምበት ትምህርት ነው። ቫይማር ላይ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ይሰበሰባሉ፤ ሁሉም ሊጫወት ያሰበውን ኖታ አምጥቶ ይከምራል። ሽማግሌው ክምሩን አገላብጦ አንዱን ያነሣና ይህን የሚጫወተው ማነው ይላል። ባለቤቱ እየተንቀጠቀጠ ይቀመጣል። የጣት ልምምድ ቤታችሁ ነው፤ እዚህ የሚታየው የሙዚቃው መንፈስ ነው ይላቸዋል። ሲከፋው ተማሪውን ገፋ አድርጎ ራሱ ይቀመጥና ያሳያል።

ክፍያስ? ምንም! በዚህ ዘመኑ ከአንድም ተማሪ ሳንቲም አልተቀበለም፤ ቸርኒ ለእሱ ያደረገለትን እሱ ለመቶዎች አደረገው። ይህን ስሰማ የቆሎ ተማሪ ቤት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የኔታ መሀል ተቀምጠው፣ ደቀ መዛሙርቱ ዙሪያውን ከበው፣ አንዱ ሲታረም ሌላው ከእርማቱ ሲማር፣ ማንም ለማንም ሳይከፍል። ልዩነቱ የሊስት ተማሪ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ መለመን አልነበረበትም። ከዚያ በተረፈ የድጓ መምህር ቫይማርን ቢያይ አገሩን ያገኘ ይመስለው ነበር።

ቡዳፔስት ላይ ነገሩ ወግ ይዞ ትምህርት ቤት ሆነ። የሙዚቃ አካዳሚው በ1875 ሲከፈት የራሱ ሕንፃ እንኳ አልነበረውም፤ ትምህርቱ የተጀመረው የዓሣ አደባባይ በተባለው ስፍራ፣ ሊስት በሚኖርበት ሕንፃ ውስጥ ነው። ዛሬ ዋናው አካዳሚ በ1907 የተመረቀ፣ ከሙዚየሙ በእግር የሚደረስበት ያማረ ሕንፃ ነው። ያለበት አደባባይም በሊስት ስም ይጠራል። ከበሩ በላይ ሊስት ተቀርጾ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ባለው አደባባይ ደግሞ ጸጉሩ በነፋስ የተበተነ፣ ጣቶቹ ከልክ በላይ የረዘሙ የነሐስ ሊስት አለ። ካፌዎቹ መሀል ሆኖ የማይታይ ፒያኖ ይደበድባል። አጠገቡ ተቀምጬ ቡና አዘዝኩ፤ በአንድ ጉንጭ የሚያልቅ ቡና አመጡልኝ። ሁለተኛም በረካም የለም፤ ጠጥቶ መሄድ ነው።

ማታ ወደ አዳራሹ ገባሁ። መጀመሪያ ካፖርትህን አስረክብ ይሉሃል። ካፖርት ለብሶ አዳራሽ መግባት ነውር ነው፤ ተራ ጠብቀህ ትሰጥና የናስ ቁጥር ትቀበላለህ። አዳራሹ ወርቅ በወርቅ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ግድግዳ የለም። አንዲት ወጣት ወጣች፤ እጅ ነሣች፣ ወንበሯን በግራና በቀኝ ያለውን ማዞሪያ እየጠመዘዘች ከፍ ዝቅ አደረገች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ትንፋሽ ወሰደች። ሙዚቃው ክፍል ክፍል አለው፤ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ማጨብጨብ አይፈቀድም። በዚያች መሀል የሚፈቀደው ሳል ነው! ሩብ ሰዓት የታፈነው ሳል ሁሉ በአንድ ጊዜ ከየአቅጣጫው ይፈነዳል፤ እሷ እጇን ስታነሣ ደግሞ ጸጥ። እኛ ጥሩ ዘፋኝ ሲያስደስተን እዚያው እልል እንላለን፣ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፋለን፤ እዚህ ደስታህን እስከ መጨረሻው ይዘህ መቆየት ግዴታ ነው።

መጨረሻው ሲደርስ ግን ታገኘዋለህ። ጭብጨባው እንደ ማንኛውም አገር ተበታትኖ ይጀምርና ቀስ በቀስ ማንም ሳያዝዘው አንድ ምት ይይዛል። አዳራሹ ሙሉ አንድ ላይ፣ ጨብ፣ ጨብ፣ ጨብ። ከዚያ ይፈጥናል፣ ይፈጥናል፣ እንደገና ይበተናል፤ ልጅቱ ተመልሳ ስትወጣ አሁንም ምቱን ይይዛል። እኔ እንዲህ ያለ ጭብጨባ የማውቀው ከዝማሬና ከሰርግ ቤት ነው። ከበሮ ብቻ ነው የጎደለው! አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት በእጄ ምት ሳይደሰቱ አልቀሩም፤ ዞር ብለው ፈገግ አሉልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሊስትን ድምፅ በሕይወት ካለ ሰው የሰማ የለም። ኤዲሰን ድምፅ መቅጃውን የሠራው በ1877 ነው፤ ሊስት የሞተው በ1886፤ የእሱ አጨዋወት የተቀዳበት ነገር ግን አልተገኘም። ያ በርሊንን ያሳበደ እጅ ከሰውየው ጋር ተቀበረ። የቀረው ማስተማሩ ነው። ከደቀ መዛሙርቱ ሮዘንታል፣ ላሞንድና ዛወር የሸክላ ዘመን ላይ ደርሰው ተቀድተዋል። ሌላው ተማሪው ኢሽትቫን ቶማን እዚሁ አካዳሚ አስተማረ፤ ቶማን ደግሞ ቤላ ባርቶክንና ኤርኖ ዶህናኒን አወጣ። ባርቶክ በዓለም የታወቀው በደራሲነቱ ነው፤ እንጀራው ግን ከ1907 እስከ 1934 በዚህ ቤት ፒያኖ ማስተማር ነበር። ከጀማሪ አንሥቶ ለተማሪዎች በጻፋቸው፣ በስድስት መጽሐፍ በተሰበሰቡ 153 አጫጭር ሙዚቃዎች ዛሬም በየአገሩ ሕፃናት ይለማመዳሉ። ዶህናኒም አኒ ፊሸርን የመሰለች ታላቅ ፒያኒስት አስተማረ። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ቤትሆቨን ለቸርኒ፣ ቸርኒ ለሊስት፣ ሊስት ለቶማን፣ ቶማን ለባርቶክ። የቅኔና የድጓ መምህሮቻችን ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሌ ብለው የሚቆጥሩት የመምህራን ሐረግ ማለት ይኸው ነው።

እኛ ዘንድ ሐረጉ በፒያኖም ተጀምሯል። ግርማ ይፍራሸዋ ከክራር ተነሥቶ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ይዞ፣ ቡልጋሪያ ሶፍያ ድረስ ሄዶ ተማረ፤ ተመልሶ እዚያው ያሬድ አስተማረ፤ አምባሰልንና እልልታን በፒያኖ አሰማ። ትምህርት ቤቱም የተሰየመው በመምህር ስም ነው፤ ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ደርሶ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዛሬ በእጃችን አይገኝም ነበር፤ ያቆየልን ከመምህር ወደ ተማሪ መተላለፉ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ሃንጋሪዎች አውሮፕላን ማረፊያቸውን የሰጡት ለዝነኛው ተጫዋች መስሏቸው ቢሆንም፣ የሚገባው ለመምህሩ ነው። እናንተም ክራር፣ በገና፣ ማሲንቆም ሆነ ፒያኖ ያስተማራችሁ ሰው በሕይወት ካለ፣ ሄዳችሁ መምህርዎ ማን ነበሩ ብላችሁ ጠይቁት፤ የነገራችሁን ጻፉት፣ ድምፁንም ቅዱት። ስልኩ በየኪሳችሁ አለ።